ደበሎና ድፍረት፦ በሚና ልምምድ እንግሊዝኛን ስለ መናገር

(በነገሌ ቦረና ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበው ንግግር ለዚህ መጽሔት የተዘጋጀ)





ዛሬ የምንናገረው ስለ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአንድ ኩሬ ዳር እንጀምራለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በአካባቢው ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ማለፋቸውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልግም፤ የወደቀውን ከብት በየደጃችሁ የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ። በዚያ ሰሞን ከውጭ አገር የመጡ እንግዶች ሕዝቡ በአካፋና በዶማ የሚያጠልቀውን አንድ ኩሬ ሊጎበኙ መጡ። ከእንግዶቹ አንዷ ወደ ኩሬው ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘወር ብላ በእንግሊዝኛ ሁለት ጥያቄ አቀረበች። ኩሬው ሲሞላ ውኃው ስንት ቀን ያቆያችኋል? የማን መንጋ አስቀድሞ እንዲጠጣ የሚወስነውስ ማን ነው? ሰብሳቢው ሽማግሌ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ጥያቄው ግን በሚሰሙት ቋንቋ አልደረሳቸውም። አስተርጓሚ አልተዘጋጀም ነበር። እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞች ነንና ቀድመን አፋችንን ከፈትን፤ በዕቅዱ ሰነድ ላይ ያነበብነውን ‹‹ሦስት ወር›› የሚለውን መለስን። እንግዳዪቱም በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ምን እንዳልን ጠየቁን። ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ ሦስት ወር የሚባለው በደኅና ዘመን የአካባቢው መንጋ ብቻ ሲጠጣ እንደ ሆነ፣ በዚያ ዓመት ግን ከሩቅ የተሰደደ ከብት ስለ ተጨመረ አርባ ቀን ቢያደርስ ትልቅ ነገር መሆኑን አስረዱን። ለማረም ስልክ ደወልን፤ መልእክትም ላክን። መታረሙን ግን እስከ ዛሬ አላረጋገጥንም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ሌላ ነው። የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎናቸው ቆሞ ጥያቄውንም የእኛንም ስሕተት ሰምቶ ነበር። ለምን አልተናገርክም ብንለው በኦሮምኛ እንዲህ አለን፦ ‹‹ቃሉንማ ዐውቀዋለሁ፤ አፌ ነው እንቢ ያለኝ።››

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ጥያቄ ይህ ሆነ፦ ቃሉን እያወቀ እንቢ የሚል አፍ በምን ይታዘዛል?

አስቀድመን አንድ ነገር እናስወግድ። የቆላው ልጅ ንግግር አያውቅም የሚል ቢኖር አገሩን አያውቅም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው በገዳ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሕዝብ፣ በየ8 ዓመቱ ለጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን በቃል የሚመረምር ሕዝብ፣ አንደበተ ርቱዕነትን ከማንም አይማርም። በነገሌ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱ ገበያዎች ልጆቻችን ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ፣ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ በአንድ ትንፋሽ ሲሻገሩ እንሰማለን። ሦስት ቋንቋ የሚናገር ልጅ በአራተኛው ላይ ሲደርስ ድዳ የሚሆነው የተፈጥሮ ጉድለት ኖሮበት አይደለም። የሚማርበት መንገድ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በኦሮሚያ ልጆች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ይህም መልካም ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ሒሳቡም፣ ሥነ ሕይወቱም፣ ታሪኩም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። በሰኔ በቋንቋው ሲከራከር የነበረ ተማሪ በመስከረም አንገቱን ይደፋል። በ1990ዎቹ ማገባደጃ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ በመስታወቱ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰኮንዶች ጠብቆ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፍ ነበር። ያን ዘመን የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት ትምህርቱ ያልቅ ነበር።

በፊደሉም በኩል ያልታሰበ እንቅፋት አለ። ልጆቹ በቁቤ ስለ ተማሩ የላቲኑን ፊደል ያውቁታል፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ሦስተኛዋ የላቲን ፊደል በቁቤ ‹ጭ› ናት፤ ‹ኤክስ› የምትባለው ደግሞ ‹ጥ› ናት። አንዲት ተማሪ በክፍል ተነሥታ በእንግሊዝኛ ‹ድመት› የሚለውን ቃል እንድታነብ ብትታዘዝ፣ በተማረችው ፊደል መሠረት በትክክል ‹‹ጫት›› የሚመስል ድምፅ አሰማች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱ እኛ ዘንድ በመጣች ጊዜ ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

ፈተናውም አያግዝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው አገርን ያስደነገጠ ወሬ ነበር። ያ ፈተና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ መልሱም በማጥቆር የሚሰጥ ነው፤ ንግግርን የሚለካበት ክፍል የለውም። የማይፈተነውን ደግሞ መምህሩ አያስተምረውም፤ ተማሪውም አያጠናውም። ስለዚህ ንግግር በትምህርት ቤት ወላጅ እንደ ሌለው ልጅ ሆኖ ቀርቷል። ፈተና ሲያልቅና ሥራ ሲፈለግ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በድርቁ ጊዜ በየከተማችን ቢሮ የከፈቱ የረድኤት ድርጅቶች መረጃ ሰብሳቢና የመስክ ሠራተኛ ሲቀጥሩ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ አገሩን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁ ወጣቶች ወድቀው አገሩን የማያውቁ ሲቀጠሩ አይተናል።

እንግዲህ በአንድ ደብር አዳራሽ የንግግር ልምምድ ጀመርን። ጊዜው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት የሐምሌና የነሐሴ ወር ነበር። በደጋው ልማድ ክረምት እንለዋለን እንጂ እዚህ አዶሌሳ ነው፤ ብርድና ደመና እንጂ ዝናብ የለውም፤ ስለዚህ ልጆቹ ከእርሻ አይፈለጉም። ተማሪዎቹ ሠላሳ ያህል ነበሩ። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ፤ የከሸፈበትንም ምክንያት ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ጥፋት ነው።

ከአንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት ሰዎች በምግብ ቤት የሚነጋገሩበትን ምልልስ ወስደን በቃል አስጠናናቸው። አንዱ አስተናጋጅ፣ አንዱ ዶሮ የሚያዝ እንግዳ። (ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ እንደ ነበር ያስተዋልነው አንድ አባት ከበሩ ላይ ቆመው ከሰሙ በኋላ ነው።) ልጆቹ በሳምንት ውስጥ እንደ ዳዊት ወረዱት። ለወላጆች ቀርቦ ተጨበጨበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳ ሆነን ገብተን ዶሮ አላችሁ በማለት ፈንታ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ብንል አዳራሹ ጸጥ አለ። ያልተጠና ጥያቄ ነበራ።

በዚህ ጊዜ ራሳችንን አየን። እኛ ዲያቆናት በልጅነታችን የግእዙን ምንባብ ትርጓሜውን ሳናውቅ በቃል ይዘን ቆመን ቀድሰናል። በቃል መያዝን አናቃልልም፤ ፊደልን ከቈጠረ በኋላ ዳዊትን ያልደገመ ተማሪ ወዴት ይደርሳል? የእንግሊዝኛም ተማሪ በቃሉ የያዘው ቃልና ዐረፍተ ነገር ከሌለው ባዶ ጎተራ ነው። ነገር ግን የአብነት ትምህርታችን በንባብ ቤት አይቆምም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ትናንት የተናገረውን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ማን ይሰማዋል? ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ይጀምራል፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያቀናውን ይነግራል፤ የጎደለው ይታረምለታል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። የሰዋስውን ሕግ ከሌላ ሰው ተቀብሎ ቃሉን ግን ከራሱ ያወጣል። እኛ የእንግሊዝኛውን ትምህርት ንባብ ቤት አስገብተን እዚያው ዘግተንበት ነበር፤ ቅኔ ቤት ማድረስ ነበረብን።

መምህራን ‹ሮል ፕሌይ› የሚሉት፣ እኛ ‹የሚና ልምምድ› ያልነው ዘዴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቶች ‹ጭውውት› ከሚሉት ጋር አይምታታባችሁ፤ ጭውውት ተጠንቶ ለተመልካች የሚቀርብ ነው። በሚና ልምምድ ተመልካች የለም፤ የተጻፈ ቃልም የለም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያውቅ የሚነግር አጭር ካርድ ይሰጠዋል፤ ሌላው ጓደኛው የያዘውን ካርድ አያይም። በአውሮፓ የቋንቋ መምህራን ምልልስን በቃል ከማስጠናት ወደዚህ መንገድ ከዞሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ጊሊያን ፖርተር ላዱስ የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1987 በኦክስፎርድ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱም ይዘቱም ይኸው ነው።

ሚና ድፍረት የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የቆሎ ተማሪን ማሰብ ይበቃል። ከእናቱ ጉያ የወጣ፣ ለእንግዳ ሰው ሰላምታ መስጠት የሚያፍር ልጅ፣ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ከማያውቀው ሰው ደጅ ሲቆም ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለምናል። ውሻ ቢጮህበት፣ ሰው ቢቆጣው፣ የተቆጡት ተማሪውን ነው እንጂ የእናቱን ልጅ አይደለም። ደበሎው ይሸከምለታል። በዚህ ጉባኤ ካሉት አባቶች ብዙዎቹ በዚህ አልፈዋል፤ ምን እንደምንል ያውቃሉ። የእንግሊዝኛው ተማሪም ካርድ ሲይዝ የተሳሳተው ደላላው ነው፣ ነርሷ ናት፣ የኬላው መኰንን ነው፤ የሚሳቀው በእርሱ ላይ አይሆንም።

ይህን ካወቅን በኋላም ሁለተኛ ጊዜ ተሳስተናል። ልጆቹ የሚያውቁትን ኑሮ እንጠቀም ብለን አንዱን ፍየል ሻጭ፣ ሌላውን ገዢ አደረግን። ሁለቱም የነጋዴ ልጆች ነበሩ። በሶማሌ ወገኖቻችን ገበያ እንደሚደረገው እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ጣት ለጣት ተያይዘው፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይወጣቸው፣ ዋጋውን ጨርሰው ተነሡ። ሳቅን፤ ተማርንም። መናገር ግድ ካልሆነ ማንም አይናገርም። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ገበያ በስልክ አደረግነው፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ፤ እጅም ዓይንም አልረዳቸውም። የሻጩ ካርድ ከፍየሎቹ ሁለቱ እንደሚያስሉ ይናገራል፤ ገዢው ይህን አያውቅም፤ የገዢው ካርድ ደግሞ ነገ ማለዳ መኪና እንደሚመጣለት ይናገራል፤ ሻጩ ይህን አያውቅም። ሻጩ ይዋሽ ወይስ ይናገር የሚለው ክርክር ከልምምዱ በኋላ በሦስት ቋንቋ እስከ ማምሻ ቀጠለ። ለስብከተ ወንጌል እንኳ የሚሆን ርእስ ነበር።

አሁን ወደዚያች ልጅ እንመለስ። ሦስት ቅዳሜ መጥታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ አላስገደድናትም። በአራተኛው ከሞያሌ ኬላ የተወሰደ ሚና አዘጋጀን። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢትዮጵያና የኬንያን የጋራ የድንበር ኬላ ከእናንተ መካከል የሚያዩት አሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ በሞያሌ ገበያ ከወዲህም ከወዲያም ያለው ሰው በቦረንኛ ይግባባል፤ እንግሊዝኛ አያሻውም። ቅጽ ሲሞላና መኰንን ሲጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለልጅቱ የመኰንኑን ካርድ ሰጠናት፤ መንገደኛው እኛ ሆንን። የእኛ ካርድ የክትባት ወረቀታችን እንደ ጠፋብን ይናገራል፤ የእርስዋ ካርድ ያለዚያ ወረቀት ማንም እንዳያልፍ ያዝዛል። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቀና ብላም ወረቀት አለን። የለም አልን። ለምን? ጠፋ። የት? መቼ? ማን አየ? የክትባት ጣቢያው ስም ማን ነው? ጥያቄዎቿ አጫጭር ነበሩ፤ ግሱም አንዳንዴ ይሰበር ነበር፤ ነገር ግን አላቆመችም። በአምስተኛው ደቂቃ እኛ በዲፕሎማ የተመረቅነው ቃል አጥተን ዝም አልን። እንድንመለስ አዘዘችን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚህ ጊዜ የተሳቀው በእኛ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን የእንግሊዝኛ ንግግር የተናገረችው በቁጣ መሆኑን ልብ በሉ። ለዓይን አፋር ልጅ የሥልጣን ሚና ይሰጥ የሚለውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ተማርነው።

አሠራሩ ብዙ አያደክምም። ካርዱን ከካርቶን ቆርጠን በእስክሪብቶ እንጽፋለን። ከተሰጠ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ተመሳሳይ ሚና የያዙት ተሰብስበው በፈለጉት ቋንቋ እንዲመካከሩ እንፈቅዳለን፤ በዚህ ሰዓት ኦሮምኛውን ወይም ሶማሊኛውን መከልከል ሞኝነት ነው፤ የሚናገሩትን የሚያስቡት በእርሱ ነውና። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ይጮኻል። ጩኸቱን የፈራ መምህር አንድ ጥንድ ብቻ አስነሥቶ ሃያ ስምንቱን ተመልካች ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሳቁና ፍርሃቱ ይመለሳል። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ጓደኛ ለውጠው ያንኑ ሚና እንደ ገና ይናገሩታል፤ ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። በመጀመሪያው የተንተባተበ በሦስተኛው ሲፈታ በጆሮአችን ሰምተናል። በመካከል ገብቶ ማረም የለም። አንድ ተማሪ ከጥንዶቹ አጠገብ ቆሞ የሰማውን ስሕተት ይጽፋል፤ በመጨረሻ ስም ሳይጠራ ለሁሉም ይታረማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሦስት መሸሸጊያ ዐረፍተ ነገሮች እንሰጣቸዋለን፤ እነዚህን በቃል ነው የሚይዙት። አንዱ ‹‹እባክዎ ይድገሙልኝ›› ነው። ሁለተኛው ‹‹ቀስ ብለው ይናገሩልኝ›› ነው። ሦስተኛው ‹‹እኔ አላውቀውም፤ የሚያውቀውን ሰው ጠይቄ እነግርዎታለሁ›› የሚለው ነው። በዚያ ኩሬ ዳር እኛን የጎደለን ይህ ሦስተኛው ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ እናውቀው ነበር፤ አልተለማመድነውም እንጂ።

በየደብሩ ስንዞር የሚቀርቡልንን ተቃውሞዎች በአክብሮት ሰምተናል። ከሁሉ የበረታው ‹‹በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ቴአትር ይሠራልን?›› የሚለው ነው። ጥያቄው ከቅናተ ሃይማኖት የመጣ ነውና ንቀን አናልፈውም። ነገር ግን በሆሣዕና ዕለት አንዱ ካህን በተዘጋው በር ውጭ ቆሞ እንዲከፈትለት ሲጠይቅ፣ ሌላው በውስጥ ሆኖ የመጣው ማን እንደ ሆነ ሲመረምር፣ ሕዝቡ ምን ይማራል? በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ታጥቀው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የጌታችንን ትሕትና በሥራ እያሳዩ አይደለምን? እነዚህ ምሥጢራዊ ሥርዓቶች ናቸው፤ ከትምህርት ልምምድ ጋር አንስተካከላቸውም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን በሚናና በምልልስ ማስተማርን እንግዳ አድርጋ እንደማታየው ያስረዳሉ። የዘመናዊውን የአማርኛ ቴአትር ከጀመሩት አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም የቅኔ ቤት ፍሬ ነበሩ።

ያም ቢሆን ድንበር ያስፈልጋል፤ ድንበሩንም ያበጁልን አባቶች ናቸው። የጌታችን፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳን ሚና በዚህ ልምምድ አይሰጥም። ካህን፣ ሼክም ሆነ ፓስተር መቀለጃ አይሆኑም። ልምምዱ የሚደረገው በአዳራሽ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ቅዳሴና ማኅሌት ባለበት ሰዓት አይደረግም። ኮሚሽናችን በልማት ሥራው ሃይማኖት ሳይለይ እንደሚያገለግል ታውቃላችሁ፤ ወደ አዳራሹ የሙስሊም ልጆችም ይመጣሉ፤ አንድም ልጅ ከእምነቱ ውጭ የሆነ ቃል እንዲናገር የሚያደርግ ካርድ አንጽፍም። አንድ እናት ልጃቸውን ከበር አድርሰው በር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ አድርሰው ተመለሱ። ይህ ለእኛ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል።

‹‹ግእዙን ሳያውቁ እንግሊዝኛ ምን ያደርግላቸዋል?›› የሚሉም አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ግእዙን ለማስተማር አዳራሹን የጠየቀ ሰው ቢኖር እኛ በቀዳሚነት ወንበር እናነሣለታለን። የአንዱ አለመኖር የሌላው ጥፋት አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ለምን በእንግሊዝኛ ይጨነቃሉ የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ እንቀበለዋለን። የኩሬው ሰብሳቢ እንግሊዝኛ መማር አልነበረባቸውም፤ እኛ አስተርጓሚ ማዘጋጀት ነበረብን። ከእንግዲህ እንግዳ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ከልምምዱ የወጣ አንድ ወጣት ከሽማግሌዎች አጠገብ ቆሞ እንዲያስተረጉም ወስነናል፤ ማስተርጐምም ራሱን የቻለ ሚና ሆኖ በካርድ ተዘጋጅቷል። ሦስት ሰዎች ይይዙታል፦ እንግዳ፣ ሽማግሌና አስተርጓሚ። ከባዱ የአስተርጓሚው ነው፤ ከራሱ ምንም እንዳይጨምር ታዝዟልና።

ዘዴው የማይችለውንም እንናገር። ቃል ለሌለው ልጅ ሚና ቃል አይፈጥርለትም። ከካርዱ በፊት ስለ ጤና ከሆነ የጤናን፣ ስለ ገበያ ከሆነ የገበያን ሃያ ያህል ቃላት መማር አለበት፤ ይህን ያላደረግንባቸው ቅዳሜዎች ባክነዋል። ማንበብና መጻፍንም አይተካም። የእንግሊዝኛ መምህር በሌለበት እኛ ዲያቆናት ብቻችንን ብንሠራው ስሕተታችንን ለልጆች እናወርሳለን፤ ስለዚህ በየከተማው ከመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ፈቃደኛ መምህር ቅዳሜን እንዲሰጠን እንለምናለን። እስካሁን የለመንናቸው ፊታቸውን አላዞሩብንም።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አዳራሹ ይከፈትልን። በብዙ ደብር አዳራሹ ከሠርግና ከሰበካ ስብሰባ በቀር ተዘግቶ ይውላል፤ ቁልፉም ከአንድ ሰው እጅ ስለማይወጣ ያ ሰው ለቅሶ ከሄደ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ፤ ይህ በሁለት ከተማ ደርሶብናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዳራሽ ሁለት የቁልፍ ኃላፊዎች ይሰየሙልን። ከካህናት አንድ አባት ካርዶቹን አስቀድመው ይመልከቱልን፤ የማይገባ ካገኙ ያውጡት። ከዘይትና ከሳሙና የተረፈ ካርቶን ያላችሁ ነጋዴዎች አትጣሉት፤ ለካርድ ይሆነናል። በነገሌ የሚጀመረው ከትንሣኤ በዓል በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ነው፤ የሌሎቹ ከተሞች ሰበካ ጉባኤያት ደግሞ የሚመቻቸውን ቀንና የቁልፍ ኃላፊዎቻቸውን ስም በደብዳቤ ያሳውቁን።